ከቢቸና እስከ ሞጣ ስለ ተጓዘ አንድ የሬዲዮ ገመድ

ንብረትን በምልክት ማስጠበቅ በአገራችን አዲስ ጥበብ አለመሆኑን፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት የተቀመጠ የብራና መጽሐፍ ገልጦ የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን ቅጠል ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊው መጽሐፉ የማን እንደ ሆነና ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ካመለከተ በኋላ፣ የሰረቀውም ሆነ ጽሕፈቱን የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ግዝቱን ያኖርበታል። በዚህ ረገድ አባቶቻችን ከዛሬዎቹ ባለሙያዎች ይልቅ ርቀው አስበዋል ለማለት ያስደፍራል፤ ሌባ መስረቅ ብቻ ሳይሆን ምልክት ማጥፋትም እንደሚያውቅበት ተረድተው፣ ፋቂውን ከሰራቂው ጋር በአንድ ግዝት አስረውታልና።

ይህን ማንሣቴ አንድ የሬዲዮ ባለሙያ ወዳጄን ተከትዬ ወደ ቢቸና በሄድሁ ጊዜ ካየሁት ነገር የተነሣ ነው። ወዳጄ የሚሄደው፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የተተከለ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ድምፁ ስለ ጠፋ ነበር። ሬዲዮው ደኅና ነው፤ አንቴናውም ከምሰሶው ላይ አልተነቃነቀም፤ የታጣው ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ነው። ገመዱም እንዲያው ተራ ሽቦ አይደለም፤ ከመካከሉ የመዳብ ጅማት፣ በጅማቱ ዙሪያ ወፍራም ፕላስቲክ፣ በፕላስቲኩ ላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሌላ የመዳብ ሽቦ፣ ከሁሉም በላይ ጥቁር ልባስ ያለው፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ባለሙያዎቹ አርጂ 213 የሚሉት ዓይነት ነው። የአንዱ ሜትር ዋጋ ሲነገር ይቻላል ያሰኛል፤ ከምሰሶው ጫፍ እስከ ሬዲዮው ክፍል ተለክቶ ሲሰላ ግን የሒሳብ ሹሙን መነጽር ያስወልቃል።

ወዳጄ ደግሞ በምልክት የሚያምን ሰው ነው። ፒንሳው ቀለም አለበት፣ ካቻቢቴው ቀለም አለበት፣ የምሳ ዕቃው ክዳን እንኳ ከቀለም አላመለጠም። የጠፋውንም ገመድ በተከለበት ወራት በሁለቱ ጫፎቹና በመካከሉ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ ፕላስተር እያከታተለ ጠምጥሞ፣ በላዩም ሲሞቅ የሚኮማተር ጥርት ያለ ቱቦ አልብሶት ነበርና፣ ይህን ሁሉ ያየ ሌባ እንዴት ደፈረ እያለ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሲገረም መጣ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚያወርደው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚዘልቀው ጠመዝማዛ መንገድ ሌላውን ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ጸሎት ሲመልሰው፣ እሱ ስለ ምልክት ይሰብከኝ ጀመር። መዳብ ፈላጊ ሌባ ልባሱን በእሳት አቃጥሎ መዳቡን ለቆራሌ ስለሚሸጥ፣ በልባሱ ላይ የተደረገ ምልክት ሁሉ አብሮ ጢስ ይሆናል፤ ስለዚህ የውጭ ምልክት የሚያጋልጠው ገመዱን በገመድነቱ ሊገለገልበት የወሰደውን ብቻ ነው አለኝ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይልም በመርከቦቹ ገመድ ውስጥ ባለቀለም ክር አብሮ እየገመደ፣ ገመዱ የትም ተቆርጦ ቢሸጥ የመንግሥት ንብረት መሆኑ ከጫፉ እንዲታወቅ ያደርግ እንደ ነበር አጫወተኝ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ስንሻገርም፣ ድልድዩን ከምሰሶዎቹ አንጠልጥለው የያዙትን ታላላቅ የብረት ገመዶች ሽቅብ እየተመለከተ፣ «እነዚህስ ምልክት አያሻቸውም» አለ፤ ድምፁ ቅንዓት ነበረበት።

ደጀንን አልፈን ቢቸና መናኸሪያ ስንወርድ፣ በስተምዕራብ የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል፤ ወዳጄ ግን የሚያየው ተራራውን አልነበረም። ወደ ሞጣ ሊነሣ በተዘጋጀ አንድ አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ የነጭ ጤፍ ጆንያዎች ተቆልለው በጥቁር ገመድ ተጠፍረዋል፤ በገመዱም ላይ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ ይታያል።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ገመድ ከየት አመጣኸው?»

«ከገበያ ነዋ ጋሼ፤ በገንዘቤ የገዛሁት ነው» አለ ረዳቱ፣ ከመሰላሉ ላይ ሳይወርድ።

«የመሥሪያ ቤት ገመድ ነው! ምልክቱን አታይም?»

«ምልክቱንማ እንዴት አላይ! እሱን አይቼ አይደለም እንዴ የገዛሁት? እዚህ መናኸሪያ የገመድ ሌባ አስቸግሮናል ጋሼ። ይኸ ግን ባለቢጫ ስለ ሆነ ማንም አይነካውም፤ ቢወሰድም የኛ መኪና ገመድ መሆኑን ከዚህ እስከ ሞጣ የማያውቅ የለም።»

እንግዲህ ምልክቱ ሥራውን አላጎደለም፤ የለወጠው ጌታውን ብቻ ነው።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሕግ ዐዋቂ፣ አዋጅ ቁጥር 464/1997 የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ መስመር በሚያበላሽ ሰው ላይ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያዝ ቢያስረዳ፣ ረዳቱ መሰላሉን በሁለት እጁ ጨበጠ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ ተቀምጦ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ በመሐላ ይጠየቅ አሉ። ነገሩ በዚህ ዓይነት ሊመሽ ሲል፣ ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄዱ አንድ መሪጌታ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ፍርዱ ይቆይና መኪናው ይሂድ፤ ማኅሌት ሊያመልጠኝ ነው» በማለታቸው ጉባኤው ተበተነ። ረዳቱም፣ «ገመዱን አሁኑኑ ልፍታልዎት ጋሼ፤ ጤፉን ግን እርስዎ ይዘውልኝ ይቀመጣሉ?» ስላለ፣ ገመዱ ሞጣ ሲደርስ እንዲፈታ ስምምነት ተደረገና፣ ቢቸና ሥራ ያለን ሰዎች ገመድ አጅበን ወደ ሞጣ ተሳፈርን።

በመንገድ መሪጌታው ነገሩን ከሥሩ ጠየቁ። «ለመሆኑ በገመዱ ላይ ምን ጽፈህበት ነበር?»

«ቀለም ብቻ ነው ያደረግሁበት፣ የኔታ።»

«ቀለም ያለ ቃል ምን ይረባል፤ ግዝት የሌለው ምልክት ለሌባ ጌጥ ነው» ብለው፣ ከወዳጄ ብዕርና ወረቀት ተቀብለው፣ መኪናው እያንገጫገጨ፣ «ዘሰረቆ ለዝንቱ ሐብል ወዘመተሮ ውጉዘ ለይኩን» ብለው ጻፉለት። በመጽሐፍ ፋቂ የሚባለው በገመድ ቆራጭ መሆን አለበት ብለው ሐረጉን ማስተካከላቸው የሊቅ ሥራ ነው። ለድካማቸውም ከትንሿ ሬዲዮናቸው የሚገባ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ተቀብለው ደብረ ወርቅ ላይ ወረዱ።

ሞጣ የገመድን ክብር የሚያውቅ አገር ነው፤ በዚያ በኩል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ፣ መካከሉ በጠላት ወረራ ዘመን ከፈረሰ በኋላ፣ መንገደኛ ወገቡን በገመድ እየታሰረ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎበዞች እየተሳበ ብዙ ዘመን ተሻግሮበታልና። የእኛ ገመድ ግን ሲፈታ መከራውን የቆጠረ ሆኖ ተገኘ። በቋጠሮው ሁሉ ታጥፏል፤ በጆንያው ክብደት ተጨፍልቋል፤ ጫፎቹም ውሃ ጠጥተዋል። እንዲህ ያለው ገመድ 50 ኦም የሚባለውን ልኩን የሚጠብቀው የውስጡ ጅማትና የውጭው ጉንጉን ርቀት እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ በተጨፈለቀበት ስፍራ ከሞገዱ ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ወዳጄ በመሣሪያው ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። ባለቤትነቱ ያለ አንዳች ክርክር የተረጋገጠለት ገመድ፣ ከጤፍ ማሰሪያነት በቀር ለምንም የማይበቃ ነበር።

መሥሪያ ቤቱም ከመዝገብ ሰርዞ ለረዳቱ እንዲሰጠው ፈቀደ፤ ረዳቱ ግን የ20 ዓመቱ ነገር በጆሮው ያቃጭል ስለ ነበር፣ ማኅተም ያለው የስጦታ ደብዳቤ ካልተጻፈልኝ አልቀበልም ብሎ ድርቅ አለ። ተጻፈለት።

በቢቸናው ምሰሶ ላይ አዲስ ገመድ ተተክሏል። ወዳጄ በሁለቱም ጫፎች፣ ከማገናኛው ብረት ሥር፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ያለበት ቀጭን ወረቀት ሸሽጎበታል፤ ከውጭም የመሪጌታው ግዝት በጥርት ቱቦ ተሸፍኖ ይነበባል። እስካሁን ማንም አልነካውም። ወዳጄ የጠበቀው የተሸሸገው ስም ነው ይላል፤ መሪጌታው ግዝቱ ነው ይላሉ፤ በበኩሌ ግን ያዳነው፣ የሞጣው መኪና ደብዳቤ ያለው ገመድ ማግኘቱ ነው ብዬ ፈርጃለሁ።