በ7 ቀን መቅላት ለምትሹ ሁሉ

ጥቁር ነገር እንደ ሳውዲ ምሥራቃዊ አውራጃ የተከበረበት ምድር ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1938 ዳህራን ላይ «ደማም ቁጥር 7» የተባለው ጉድጓድ ጥቁር ዘይት ሲተፋ፣ ዓሣ አስጋሪና ዕንቁ ጠላቂ የሰፈረባቸው ደማምና አልኾባር ወደ ከተማነት ተመነጠቁ። ዛሬ ፎቁም፣ አስፋልቱም፣ ባሕር ዳር ያለው ኮርኒሽም፣ ወደ ባሕሬን የሚያሻግረው 25 ኪሎ ሜትር ድልድይም የዚያ ጥቁር ፈሳሽ ልጆች ናቸው። በዚሁ አገር ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የሄደች እህታችን ቤት ስትወለውልና የሰው ልጅ ስታዝል ውላ ባገኘችው ሪያል የራሷን ጥቁረት ታስወግዳለች። እነሱ ጥቁሩን ከመሬት አውጥተው ከበሩ፤ እኛ ከፊታችን ለማውጣት እንከፍላለን። ይህ የማቅሊያ ቅባት ንግድ እስካሁን የሚገባውን ምስጋና አላገኘም ባይ ነኝ፤ ዛሬ እኔ ላመስግነው።

መጀመሪያ አቅርቦቱን እናድንቅ። ደማም መሀል ከተማ ያለው «ሱቅ አልሁብ» የተባለው ገበያ ልብስና ሽቶ ለሚሻ ነው። ይህኛው ሸቀጥ ግን ሱቅም፣ ፈቃድም፣ ደረሰኝም አያሻው። ቲክቶክ ላይ በላይቭ ይታወጃል፣ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ይታዘዛል፣ ዓርብ መውጣት የተፈቀደላት ላልተፈቀደላት ታደርሳለች። ዕቃው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «የፊት» ወይም «የገላ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሲከፈት ቢጫ መሳይ፣ ሽቶው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ቅባት ነው። አረቦቹ ኸልጣ ይሉታል፤ የኛዎቹ ደግሞ ቅልቅል። የምን ቅልቅል፣ የማን ቅልቅል ብሎ መጠየቅ ብልግና ነው። «የኔ ቆንጆ፣ ኬሚካል የሚባል የለበትም፣ ንጹሕ ተፈጥሮ ነው፤ እኔ ራሴ የምቀባው እኮ ነው» ትላለች ሻጯ። ለዚህም የስልኳ ፊልተር ምስክር ነው።

ኬሚስት የሚባሉት ሰዎች ግን ሥርዓት የላቸውም፤ የሰው ገበና ከፍተው ይመረምራሉ። እንዲህ ያሉ ክሬሞች በየአገሩ ላቦራቶሪ ሲገቡ ደጋግመው የሚገኙት ሦስት እንግዶች ናቸው። አንደኛው ክሎቤታሶል ነው። ለቆዳ ከሚቀቡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ከኃይለኞቹ ተራ የሚሰለፍ ሲሆን፣ ሐኪም የሚያዘው እምቢ ላለ የቆዳ በሽታ፣ ለዚያውም ከ2 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ፊትን ደግሞ አታስነኩ ይላል። ሻጯ ከሐኪም ይልቅ ለጋስ ናት፤ ጧትና ማታ፣ ፊትና ገላ፣ ዓመቱን ሙሉ ትፈቅዳለች። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ቆዳ ቀለሙን የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል። በሐኪም ትእዛዝ በ4 በመቶ መጠን፣ ነጠብጣቡ ላይ ብቻ፣ ለጥቂት ወር ሲቀቡት ደህና መድኃኒት ነው። ያለ ልክ ሲቀቡት የሚያደርገውን ግን ደቡብ አፍሪካ በዜጎቿ ፊት ላይ አይታ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያዎች ውስጥ አስወጥታዋለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም አግዶታል።

ሦስተኛው እንግዳ ሜርኩሪ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀለምን ያግዳል፤ ከዚያ በቆዳ ሰርጎ ይገባና ኩላሊት ውስጥ ቤት ይሠራል። ናይሮቢ ያሉ ሐኪሞች ሰውነታቸው እያበጠ ሆስፒታል የሚመጡ ሴቶችን መርምረው ጣታቸውን ወደሚያቀላ ክሬም የቀሰሩት እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። ሳውዲ ውስጥም ኢማን አል-ሳሌህ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው ጥናት፣ ከመረመረቻቸው 38 ክሬሞች ወደ 45 በመቶ የሚሆኑት ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ ከሚለው ገደብ በላይ ሜርኩሪ ይዘው አግኝታቸዋለች። የፓኪስታን መንግሥት ደግሞ 59 ክሬም አስመርምሮ 56ቱ ወድቀዋል። ሻጯ የተናገረችውን እናስታውስ ካላችሁ፣ ሜርኩሪም ከመሬት የሚወጣ ነው፤ ንጹሕ ተፈጥሮ።

አንድ ነገር ግን እንመን፤ ቅልቅሉ ይሠራል። ስቴሮይዱ የደም ሥሩን ያጠባል፣ ብጉሩን ያደርቃል፣ ማሳከኩን ዝም ያሰኛል፣ ቀለሙን ያፈዛል። በሰባተኛው ቀን መስተዋት ውስጥ የምትታየው ልጅ እውነትም ፈክታለች። ቅባቱ ከመጀመሪያው ቢዋሽ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ባደረ ነበር። ደንበኛን አስሮ የሚያስቀምጠው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነት ነው።

ከሁሉ ደስ የሚለው ደግሞ የቤተሰብ ደስታ ነው። እናት ከደሴ በኢሞ ትደውላለች። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ የልጅቷ ፊት ብቅ ይላል፤ ቀይ፣ ክብ፣ ጉንጩ የሞላ። «ውይ ልጄ! ቀላሽ እኮ! ደላሽ! እንዲያው ፊትሽ ሞላ፣ እሰይ!» ጎረቤት ተጠርቶ ያያል፣ ሠፈሩ እግዜር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ ይላል። ኃይለኛ ስቴሮይድ ገላ ሙሉ ለወራት ሲቀቡት ወደ ደም ገብቶ ፊትን ክብ አድርጎ እንደሚያሳብጥ ለእናት የሚነግራት የለም። ሜርኩሪ የጎዳው ኩላሊትም ጧት ጧት የዓይን ሥር ያሳብጣል። ስትሠራ አምሽታ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ነቅታ፣ ጎህ ሳይቀድ የምትነሳ ልጅ በሕመም አብጣ በምቾት ወፈረች ተባለላት። በጥቂት ሪያል ለአንድ ሠፈር ይህን ያህል ደስታ የሚያመጣ ሌላ ሸቀጥ ካለ ጠቁሙኝ።

ከዚያ ቆዳው ይሳሳል። ጉንጭ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥር ይታያል፣ ጭንና ክንድ ይሸነታተራል፣ ምድጃ አጠገብ ሲቆሙ ፊት ይለበልባል። ብጉሩ ከነዘመድ አዝማዱ ይመለሳል፤ ማድያቱም ርስቱን አስፍቶ። ሃይድሮኪኖኑን ለዓመታት ያላቋረጠችው ደግሞ ጉንጯ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ይወጣባታል። ኦክሮኖሲስ ይሉታል፤ አንዴ ከሰፈረ ሐኪምም በቀላሉ አያስለቅቀውም። የጣት አንጓ ደግሞ በጠባዩ እልኸኛ ነው። ፊት ቀልቶ፣ አንገት ቢጫ ሆኖ፣ አንጓው ጠይም እንደሆነ ይቀራል፤ እጅ ለሰላምታ ሲዘረጋ የትውልድ አገር ይናገራል።

ነቢዩ ኤርምያስ የኢትዮጵያዊን መልክና የነብርን ዝንጉርጉርነት የማይለወጡ ነገሮች ምሳሌ አድርጎ ባንድ ላይ አንስቷቸው ነበር። የደማም ቅልቅል ነቢዩ ያላሰበውን ሠራች፤ ኢትዮጵያዊቷን መልኳን አስጥላ ነብር አደረገቻት።

ሻጯ በዚህም አትደናገጥም። «አትፍሪ የኔ እናት፣ ቆሻሻው እየወጣ ነው» ትላለች። ካቆምሽው ይብስብሻልም ትላለች፤ በዚህች እንኳ አልዋሸችም። ስቴሮይድ የለመደ ፊት ድንገት ሲተዉት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለተኛው ዕቃ ይታዘዛል፤ የመጀመሪያው ያወጣውን ነጠብጣብ እንዲያጠፋ። ሦስተኛው «ጠንከር ያለው» ነው። ያ ሲያቅተው ግሉታታዮን የሚባለው መርፌ ይከተላል፤ የፊሊፒንስ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ለማቅላት ብላችሁ በደም ሥር አትወጉት ብሎ ያስጠነቀቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት የገዢዋ ነው። ለሻጯ ቆጡም የሷ፣ ብብቱም የሷ ነው።

እስቲ ደግሞ አሰልቺዎቹን እንስማ፤ የቆዳ ሐኪሞችን። ነጠብጣብና ቀለም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብለው ይጀምራሉ። ነጠብጣብ ምክንያት አለው። ብጉር ሲነካካ፣ ትንኝ ሲነክስ፣ የመጥበሻ ዘይት ሲፈናጠር፣ ክሎሮክስ እጅ ሲልጥ ጠይም ቆዳ ይቆጣና የተቆጣበት ቦታ ላይ ቀለም ያከማቻል፤ ቁጣው ከበረደና ካልነካኩት በወራት ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል። ማድያት ደግሞ በዘር፣ በእርግዝና፣ በወሊድ መከላከያ ሆርሞንና በብርሃን የሚቀሰቀስ ነው። ጠይምነት ግን ምክንያት አይፈለግለትም፤ ቆዳን ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል፣ ከእናት ከአባት የተወረሰ ንብረት ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ ሲሏቸው መልሳቸው አያጓጓም። ብጉር አታፍርጪ። ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። የፀሐይ መከላከያ ተቀቢ፤ ለማድያት ደግሞ አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም የተቀላቀለው ይሻላል፣ ማድያትን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ያብሰዋልና። አዜላይክ አሲድ ወይም ኒያሲናማይድ ያለበት ቅባት ሞክሪ። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ወር ታገሺ። ሦስት ወር! ላይቭ ገብቶ «ታገሱ» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ በሁለተኛው ቀን ጾሙን ያድራል። ለዚያውም ተሳካ ሲባል የሚጠፋው ነጠብጣቡ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ብቅ የሚለው ያው የድሮው ጠይም ፊት ነው። ገንዘብ ከፍሎ የራስን ፊት መልሶ መረከብ ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ፀሐዩን በተመለከተ መንግሥትም ሳያስብበት አልቀረም። የደማም በጋ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የባሕሩ ወበቅ ሲጨመርበት፣ ደጅ የሚሠራ ሰው ይቀልጣል። ስለዚህ ሳውዲ በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ትከለክላለች። የኛዋ ልጅ ይህ ሕግ አይመለከታትም። እሷ ፀሐይ የምታየው ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጣ ነው፤ ከግቢ ስትወጣም በአባያ ተሸፍና ነው። ቀኑን ሙሉ ፊቷን የሚያዩት ሕፃኑ፣ ምድጃውና አሠሪዋ ማዳም ናቸው። ሕፃኑ ጠይም ጉንጯን ይዞ ይተኛል እንጂ ለምን አልቀላሽም ብሎ አያውቅም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሪያል የሚከፈለው ለማን ዓይን ነው? ለስልኩ ካሜራ።

ማዳሟንም አንማት። የ1997ቱ ጥናት የተጨነቀው ስለ ሳውዲ ሴቶች ጤና ነበር፤ ማዳምም የራሷ ክሬም አላት፣ ማሸጊያው ያምራል እንጂ። ሕንድም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ፌር ኤንድ ላቭሊን ሸጣለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም ሲነቅፈው ክሬሙ ስሙን ለውጦ ግሎው ኤንድ ላቭሊ ተባለ፤ ደንበኛው ግን ፊቱን መለወጡን ቀጠለ።

ኮንትራት ሲያልቅ ሻንጣ ይታሰራል። ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቴምር፣ ለወንድም ስልክ፤ መሀል ላይ በፎጣ የተጠቀለለ «የፊት» እና «የገላ»። ከንጉሥ ፋህድ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ቦሌ ይገባል፣ ለአክስት፣ ለሙሽራ፣ ለሚዜ ይከፋፈላል። ሠርጉ ሲደርስ ሙሽራዋ ከአንገቷ በላይ የሌላ አገር ሰው ሆና ትቀርባለች። ዘፋኙ ጠይሟን እያሞገሰ ያዜማል፣ እኛም ከቀላው ፊት ትይዩ ቆመን እስክስታ እንወርዳለን። ዘፈናችን ጠይም፣ ምርጫችን ቀይ! ፊቷ ያበጠና የተላጠ ዕለት አለርትን በመሰለ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ወረፋ የምትይዘው ግን ብቻዋን ናት፤ ሚዜ አይከተላትም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሞልቷል። የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ ያግዳል። የሳውዲ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሜርኩሪ ስለተገኘባቸው ክሬሞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሜርኩሪውን ላቦራቶሪ ያገኘዋል፣ ጉምሩክ ይይዘዋል። አንዱን ንጥረ ነገር ግን የትኛውም መሣሪያ አላገኘውም፤ እሱም «ቀላሽ!» የምንለው ሙገሳ ነው። ያለ ፈቃድ፣ በነጻ፣ እዚሁ አገር ቤት እናመርተዋለን። ሽማግሌ ሊላክ ሲል «ቀይ ናት?» ብለን እንጠይቃለን። ሕፃን ስትወለድ ጆሮዋን ገልጠን የወደፊት ቀለሟን እንተነብያለን። ከዚያ ቅባት ሻጯን እንረግማለን። ግፍ ነው፤ ምስኪኗ ያቀረበችው ያዘዝናትን ነው።

ቅልቅሉን ማቆም የምትፈልግ ልጅ ባንድ ቀን አትወርውረው፤ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ቀስ በቀስ ትላቀቀው። እኛ ግን ሙገሳችንን ዛሬውኑ ብናቆም ፊታችን አያብጥም፣ አይቃጠልም። ነገ በኢሞ ስትደውል ቀለሟን ትተን ደሞዟ በወሩ መከፈሉን፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ መታደሱን፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ እንጠይቃት።