ፊቴና ሁለት መቶ ምስማር

ጃንሆይን ለመስቀል አንድ ምስማር ይበቃ ነበር። ፎቷቸውን ማለቴ ነው። በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በቡሬ በኩል አልፈው ደብረ ማርቆስ ገብተዋል፤ የፍኖተ ሰላምን ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው ይባላል። ያን ሁሉ ክብር አንዲት ምስማር ግድግዳው ላይ ይዛው ኖራለች። ዛሬ ለአንድ ባጃጅ ነጂ ፊት ሁለት መቶ ምስማር ይፈጃል!

ይህን ጉድ ያመጣብን የጎረቤቴ ልጅ ነው። ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ ነጭ በተቀባ ሳንቃ ላይ ክብ አውጥቶ ዙሪያውን ምስማር ይቀጠቅጥ ጀመር። «ምን ልትሰቅልበት ነው?» ብለው «ፊት ልሠራበት ነው፣ አባባ» አለኝ። እግዚኦ!

ለመርገምም ማየት ያስፈልጋልና ቆሜ አየሁት። አንድ ጥቁር ክር፣ ሳይበጠስ፣ ከምስማር ወደ ምስማር ቀጥ ብሎ ይወጠራል። ክሩ የተደራረበበት ይጠቁራል፣ የሳሳበት ይነጣል፤ ቅንድቡም ጢሙም የሚወጣው ከዚሁ ነው። ልጁ «ከመቶ ሁለት ወደ አሥራ ሰባት፣ ከአሥራ ሰባት ወደ መቶ ሃምሳ» እያለ ሲያነበንብ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ መሪጌታ መስሎኝ ብድግ ልል ነበር። ለካ ስልኩ ነው የሚነግረው! በ2016 እ.ኤ.አ. ፔትሮስ ቭሬሊስ የሚባል ግሪካዊ ክብ ላይ 200 ችካል ደርድሮ፣ የክሩን መንገድ በኮምፒውተር አስልቶ፣ የኤል ግሬኮን ሥዕሎች በክር አወጣቸው አሉ። የእሱ ጦስ ይኸው ጎጃም ድረስ መጣ። የእኔን ማድቤት ቆርቆሮ ነፋስ ገልቦት ምስማር ስፈልግ ግን ባለሱቁ «አልቋል» ይለኛል።

አዲስ አበባ ይሻለኛል ብዬ ልጄ ዘንድ ብሄድ መካኒሳ ወስዳ ዞማ ሙዚየም አስገባችኝ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ነው። ከፍላ ያሳየችኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የጭቃ ቤት! ጭድ የተቦካበት ጭቃ፣ ላም፣ የጓሮ ጎመን። ቡሬ ዙሪያ እኛ ለቆርቆሮ ስንል ያፈረስነውን እነሱ እየተጠበቡ ይለስኑታል። «ልጄ፣ ይህን ለማየት ነው ያን ሁሉ መንገድ ያስመጣሽኝ?»

ኤልያስ ራሱ ደግሞ የባሰ ነው። ቀድሞ ሸራ ላይ ክር እየሰፋ ሥዕል ይሠራ ነበር፤ ኋላ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ እየገዛ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ ሳንቃ ሙሉ ይደረድራል። በ2014 ዓ.ም. ቬኒስ ቢየናሌ ላይ አቀረበው። የእኔ ስልክ ሲሞት ቆሻሻ ነው፤ እሱ እጅ ከገባ ጣሊያን ይሄዳል! (እውነቱን ለመናገር አንዱ ሥራ ፊት ቆሜ እግሬ እስኪደነዝዝ ቆይቻለሁ። ለልጄ ግን ጉልበቴ ይዞኝ ነው አልኳት።)

ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ፈልቅቃ፣ ነድፋ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት ስትፈትል ኖራለች። ማን ቬኒስ ጠራት? ጋቢውን እኔ ለብሼ ጨረስኩት። ታዲያ እሷ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ልጁን አስጠርታ የእኔን ፊት አዘዘችልኝ።

«የራስሽን አታሠሪም?»

«የአንቱ ፊት መስመር ሞልቶታል፤ ልጁ አይቸገርም።»

ልጁም አፍ አውጥቶ «እውነታቸውን ነው፣ የሽማግሌ ፊት ይወጣል» አለ።

ወጣ። ግንባሩ ግንባሬ ነው፣ ጢሙም አልቀረም። አፍንጫው ግን የአማቼ ነው። ከእዚያ ሰው ጋር በድንበር ስንካሰስ የኖርን ሰዎች ነን! አርመው ብለው «አባባ፣ ክሩ አንድ ነው፤ ከመጨረሻው ጀምሮ መፍታት ይኖርብኛል» አለ።

«ፍታው! ምስማር ካነሰህም ማድቤቱ ላይ የተረፈውን ንቀል።»

ይሄኔ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ከፈታኸው አይቀር፣ ልጄ፣ አፋቸውን ከፍተህ ሥራው፤ ተዘግቶ አይተነው አናውቅም።»