ቅዳሜ ጎበዝ፣ ሰኞ ሰነፍ

ሒሳብ የማይገባው ልጅ ማየት የፈለገ ሰው እንጅባራ ቅዳሜ አይምጣ። ቅዳሜ ሁሉም ጎበዝ ነው። የዲኤስቲቪ ቤቱን በር ተደግፋ የቆመችው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች በጠመኔ ተጽፈዋል። ሥሯ የተሰበሰቡት የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ። «እኛ በሁለት ጎል ካሸነፍን፣ ሲቲ ደግሞ አቻ ከወጣ፣ በነጥብ እኩል ሆነን በግብ ክፍያ እንበልጣለን!» ይላል አንዱ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። «እኛ» የሚለው ለንደን ያለውን ክለብ ነው። ወረቀት አልወጣም፣ ጣት አልተቆጠረም።

ይህንኑ ልጅ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳ ፊት አቁሙትና 37 ሲቀነስ 19 ስንት ነው በሉት። መልሱ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈ ይመስል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መምህሩም «የዚህ ልጅ ጭንቅላት ኳስ ብቻ ነው» ብለው ያስቀምጡታል። እውነታቸውን ነው። ሰኞ የጠፋው መቀነስም እዚያው ኳስ ውስጥ ነበር፤ የፈለገው ሰው ጠፋ እንጂ።

የእነዚህ ልጆች ዕውቀት ቢዘረዘር ብዙ ነው። እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ 11 ሰዓት ይጀመር የነበረው ጨዋታ ወደ 12 ሰዓት እንደሚገፋ ዳንግላ ጫማ የሚጠርገው ልጅ አሳምሮ ያውቃል። የለንደንና የአዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት ስንት ነው የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ሲመጣ ግን ቦታውን ባዶ ትቶት ያልፋል። ትምህርት ቤት ቁጥርን በአዊኛ ይማራል፣ ገበያ በአማርኛ ይሸጣል፣ ውጤቱን በእንግሊዝኛ ይሰማል። በሦስቱም አይሳሳትም፤ ፈተና ካልተባለ በቀር።

የሒሳብ ጥያቄ ደግሞ ብርቱካን ይወዳል። አልማዝ 12 ብርቱካን ነበራት፣ 5ቱን ለከበደ ሰጠች። ድንችና ገብስ በሚበቅልበት በዚህ ደጋ አልማዝ ያን ሁሉ ብርቱካን ከየት አመጣችው? ለከበደስ ምን ቤት ነው ብላ ትሰጠዋለች? ልጁ በልቡ ይህን ሲጠይቅ ደወል ይደወላል። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ሜዳውን በፈረስ የሚሞላው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ የዘንድሮው በዓል ስንተኛው እንደሆነ መጠየቅ ምን ይከለክላል? ፈረሱን በዓይኑ ያየ ልጅ ብርቱካን አያስፈልገውም።

ስፖርቱ ደግሞ ጥያቄውን ሠርቶ ነው የሚያቀርበው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለቱ የማንቸስተር ክለቦች ሊጉን በእኩል 89 ነጥብ ጨረሱ። ሲቲ 93 አግብቶ 29 ገብቶበታል፤ ዩናይትድ 89 አግብቶ 33 ገብቶበታል። ዋንጫው የማን ነው? እዚህ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ ካለ ታሟል። አስርዮሽ ለማስተማር ደግሞ ሲድኒ 2000 አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ 10,000 ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ጨረሱ። ልዩነቱ 0.09 ነው፤ በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውን ከሁለተኛው የለየው እንኳ 0.12 ነበር። የሰዓት መቀነስ ከተፈለገ ደግሞ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የገባበት 2:12:11 እና ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2023 የገባችበት 2:11:53 ይቀመጡ። ከደቂቃ ሲበደሩ 10 ሳይሆን 60 እንደሚመጣ ልጁ ያኔ ይገባዋል፤ 18 ሰከንዷንም አይረሳትም።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ሒሳብ የሚገባቸው ኳስ ሲሆን ነው። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጣ፣ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ነው፤ ከሜዳ ውጭ የገባ ጎል ይበልጣልና ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ያን ቀን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ስሌቱን ለጎረቤት ሲያስረዱ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን፣ ምድቡን ጨርሰነዋል ብለን መንገዱን በጭፈራ ሞላነው። ጭፈራው ሳይበርድ ፊፋ ደብዳቤ ይዞ መጣ፦ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትን ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፋችኋል። 3 ነጥብ ተቀነሰ። ከአንድ እስከ ሁለት መቁጠር ነበር የጠፋው! ደግነቱ የተሸነፈችው ደቡብ አፍሪካም ከእኛ አትሻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሴራሊዮን ጋር ያለ ጎል ወጥታ «አለፍን» ብላ ሜዳ ላይ ጨፍራለች፤ በእኩል ነጥብ የሚለየው የእርስ በርስ ውጤት መሆኑን ያነበበ አልነበረምና ያለፈችው ኒጀር ነበረች። ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ ካሉት ልጆች አንዱን ቢጠይቁ ኖሮ ይነግራቸው ነበር።

ትምህርት ቤቱ የተወውን ክፍል ቤቲንግ ቤቱ ይዞታል። በሩ ላይ ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው ይላል። ታናሽ ወንድም ክልከላውን አክብሮ ውጭ ቆሞ ለታላቁ ያሰላል። ኦዳቸው (ብሩን የሚያባዛው ቁጥር) 2 የሆነ ስምንት ጨዋታዎች ተመረጡ እንበል። «2፣ 4፣ 8፣ 16…» እያለ 256 ላይ ይደርሳል፤ 10 ብሩ 2,560 ሆነ። ሰኞ 19 መቀነስ ያቃተው ልጅ ነው ይህን የሚለው። ታላቅየው ብሩን ገና ሳያገኘው ጫማ ገዝቶበታል።

ጉዱ ያለው፣ ቤቱ የሚያስተምረው ማባዛትን ብቻ መሆኑ ላይ ነው፤ ክፍልፋይ አያስተምርም። የእያንዳንዱ ጨዋታ ዕድል ግማሽ ቢሆን እንኳ፣ ግማሽ በግማሽ ስምንቴ ሲባዛ ከ256 አንድ ነው። ቤቱ የራሱን ድርሻ ቀድሞ ስለሚያነሳ ደግሞ ግማሽም አይሞላም። ብሩ እጥፍ እጥፍ እያለ ሲወጣ ያየ ልጅ፣ ዕድሉ በዚያው ልክ ግማሽ በግማሽ ሲወርድ አላየም። ያሳየውም የለም፤ ክፍልፋይ የሚያስተምሩት መምህር አንድ ሦስተኛ ብርቱካን እየቆረጡ ነዋ።

እንግዲህ የኳሱ ውጤት ወደ ክፍል ይግባ ካልን፣ ከዚህች ከ256 አንድ እንጀምር። አንዳንድ ወላጅ «ልጄን ኳስ አስተማራችሁት» ብሎ ስብሰባ ላይ መነሳቱ አይቀርም፤ እሱንም ስለ ሱዳኑ 5 ለ 5 መጠየቅ ነው። መምህሩ ብቻ ወደ ሰሌዳው ከመዞራቸው በፊት ኪሳቸው ያለችውን የቤቲንግ ቲኬት ይቅደዷት። ክፍልፋይ የገባው ተማሪ መጀመሪያ የሚያሰላው መምህሩን ነው።