ብርድ ነው የመታኝ

ለለቅሶ ወደ ደብረ ብርሃን የሄደው የዕድራችን አውቶቡስ 130 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሰንዳፋ፣ አለልቱና ሸኖ ላይ ቆሟል። ሦስቱንም ጊዜ ያስቆሙት አንድ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። ሰንዳፋ ላይ «ጎማው አየር ያነሰው መሰለኝ» አሉ። አለልቱ ላይ ስልክ ሊያወሩ ወረዱ። ሸኖ ላይ ሰበብ አልቆባቸው ዝም ብለው ከግንብ ጋር ተፋጠጡ፤ እኛም ዝም ብለን ጠበቅን።

«ጋሼ፣ ሐኪም ጋ ታይተዋል?» አልኳቸው።

«ብርድ ነው የመታኝ። ተልባ እየጠጣሁ ነው።»

«ሌሊት አራት ጊዜ የሚያስነሳ ምን ዓይነት ብርድ ነው?»

«ስድስት ጊዜ» አሉ ባለቤታቸው ከመስኮቱ ሳይዞሩ።

እኚህ ሰው ለቮልስዋገናቸው ዘይት የሚቀይሩት ቀን ቆጥረው ነው። ትንሽ ካንኳኳች ጋራዥ ናት። ለራሳቸው ግን ተልባ!

ሌሊት የሚያስነሳቸው ፕሮስቴት ሊሆን እንደሚችል ነገርኳቸው። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከቦ የተቀመጠ ዕጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያድግና ቧንቧውን ይጨብጣል። ይህ ብቻውን ካንሰር አይደለም። የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። ይህን ስናገር ከኋላ አንዱ «እኔ እንኳ እንደ ጎረምሳ ነኝ!» ብሎ ፎከረ። ለሱም ዋስትና እንደማይሆነው ነገርኩት፤ አኮረፈ።

«ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ» ብዬ ቀጠልኩ። ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ኢንፌክሽንም፣ ያው የዕጢው ማደግም ከፍ ያደርገዋል። ቁርጡ የሚታወቀው ከዕጢው በሚወሰድ ናሙና ነው። ማን ይሰማኛል? ወንዱ ሁሉ ስለዚህ በሽታ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጣቷን። «እኔ በጣት አልነካም!» አለ ጎረምሳው፤ አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙ ዕጢውን በጣት የሚዳስስበት፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ምርመራ እኮ ነው።

ሕክምናውን ደግሞ አንድ ዓይነት ያደርጉታል፦ «ከተገኘብህ አበቃልህ»። ቀስ ብሎ የሚያድገውን ሐኪም በየጊዜው እየመረመረ ብቻ ሊከታተለው ይችላል። ሌላው ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ያስፈልገዋል። የተሠራጨውን ደግሞ የወንድ ሆርሞንን በመቀነስ ያዳክሙታል፤ ቻርልስ ሀጊንስ በ1966 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው በዚህ ነው። «ሆርሞኑን እንዴት ነው የሚቀንሱት?» አሉ ጋሼ። በመርፌ፣ ካልሆነም የዘር ፍሬን በማውጣት አልኳቸው። ሳቁ ቀጥ አለ። ጎረምሳው እግሩን አነባበረ።

ስንመለስ ሹፌሩ ማንም ሳይለምነው ሸኖ ላይ አቆመ። ጋሼ ገና ከዘራቸውን ሲፈልጉ ጎረምሳው ቀድሟቸው ወረደ፤ ጎማ ሊያይ።