ትፋበት!

ምራቅን በተመለከተ አቋሜን አስቀድሜ ግልጽ ባደርግ ይሻላል፤ አለዚያ ነገሩ ከጥጋብ የመጣ ይመስላል። እኔ ምራቅ የምጸየፍ ሰው አይደለሁም። ጎንደር ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው ምራቅ ተጸይፎ የት ሊደርስ? ሽማግሌ ሲመርቁን «እደግ ተመንደግ» ብለው ብቻ አያበቁም፤ እንትፍ እንትፍ ይሉብናል፤ ምርቃቱ የሚጸናው በሷ ነው። ሕፃን ያማረ እንደሆነ ዓይን እንዳይበላው እንትፍ ይባልለታል፤ አድንቆ እንትፍ ሳይል የሄደ ጎረቤት ሲታማ ይከርማል። ጉርሻውንማ ተዉት። የማን እንደሆኑ እንኳ በቅጡ ያላየኋቸው ጣቶች ከነወጣቸው አፌ ሲገቡ «ለመሆኑ ታጥበዋል?» ብዬ የጠየቅሁበት ሰርግ የለም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ነው ኤይላት ባሕር ዳር አንዲት የኪራይ መነጽር ይዞ የተገተረው።

የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ኮሚቴ በዓመት በዓመት ኖፌሽ ያወጣናል። እስራኤል የኖረ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ፣ ኖፌሽ ማለት ከሥራ ባልደረቦችህ ለማረፍ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር አብሮ ኤይላት መውረድ ነው። ባለቤትም ዘመድም ከፍሎ መምጣት ይችላል። የኛ ቤት ደግሞ የባለቤቴን አክስት ሳይዝ የትም አይወጣም፤ እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቆሎ በፌስታል ቋጥረው አውቶቡሱ ውስጥ ከሁላችንም ቀድመው ተቀመጡ። ሆቴሉም፣ ቁርሱም፣ መዋኛ ገንዳውም ደኅና ነበር። ችግር የመጣው ኮሚቴው «ለጀማሪዎች፣ በአስጎብኚ የሚመራ» የሚል ፕሮግራም ሲጨምርበት ነው፤ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ቆሞ መቅዘፍ፣ ከዚያ በመነጽርና በቱቦ ዓሣ ማየት።

አስጎብኚው ከወታደር ቤት ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ደቡብ አሜሪካ ለመዞር ገንዘብ እንደሚያጠራቅም ሳንጠይቀው ነገረን። ባልዲ ውስጥ እጁን ከትቶ መነጽር አወጣና ሰጠኝ። «ትፋበት!» አለኝ። ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌላት በልጁ አልፈርድም፤ ግን የልጄ እኩያ ቆሞ «ትፋ!» ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ምክንያት አለው፤ እሱንም አስረዳን። የፊታችን ሞቃት እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ጥቃቅን ጠብታ ይሆንና መስታወቱ ጭጋግ ይለብሳል። ምራቅ የተቀባ እንደሆነ ግን ውሃው ጠብታ መሆኑን ትቶ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፤ ያኔ ጥርት ብሎ ይታያል። ከመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ክፍል የመጣችው ሴትዮ (ደግ ይግጠማት) «ሌላ ነገርስ አይሆንም?» ብላ ጠየቀች። የሕፃን ሻምፑም እንዲያውም በደንብ ይሠራል አላት። ታዲያ ሻምፑ የሚሠራ ከሆነ ሻምፑው የታለ? አንድ ጠርሙስ ሻምፑ ስንት ሰው ያሳልፋል? ይህን ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም አጎንብሶ ይተፋል።

እኔን ያስጨነቀኝ የራሴ ምራቅ አይደለም። የራሴን አውቀዋለሁ። ያስጨነቀኝ የትናንቱ ነው፤ የትናንት ወዲያው ነው። ይህ መነጽር ክረምት ከበጋ በየቀኑ ይተፋበታል። ቢታጠብ የሚታጠበው እዚያው ባልዲ ውስጥ ነው፤ ባልዲው ውስጥ ደግሞ ስሙን የማላውቀው መድኃኒት የገባበት ነጣ ያለ ውሃ አለ፤ ውሃው ላይ አንድ የቁስል ፕላስተር ተንሳፍፏል። የመነጽሩ ማሰሪያ ላይ የኔ ያልሆነ ረጅም ቢጫ ፀጉር ተጠምጥሟል። የቱቦው አፍ፣ ያቺ በጥርስ የምትነከሰው ላስቲክ፣ የሰው ጥርስ ቁልጭ ብሎ ታትሞባታል። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ጠመም ያለ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ባላውቅም ጥርሱን ግን አሁንም መንገድ ላይ ባየው እለየዋለሁ።

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ አሉኝ። የድሮዎቹ ቤተ እስራኤሎች፣ የኛዎቹ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ከባዕድ ጋር የተነካካ ሰው ወንዝ ወርዶ መላ አካላቱን ሳይነከር ቤት አያስገቡም ነበር። መንደሮቻችን ወንዝ አጠገብ የሚቆረቆሩት በዚሁ ምክንያት ነበር። ጎረቤቶቻችን ልማዱን «አትንኩኝ» ብለው ሰየሙት፤ ከመታጠባችን ብዛት ውሃ ውሃ እንሸታለን ብለው ያሙን ነበር አሉ። ለሐሜት እንኳ የሚያኮራ ሐሜት ነው። አያቴ ከገበያ የመጣ ሳንቲም በቀጥታ ከሰው እጅ አይቀበሉም፤ ውሃ ያለበት ጣሳ ያቀርባሉ፣ ሳንቲሙ ጠብ ብሎ ይገባል፣ ታጥቦ ይወጣል። ሳንቲም! እኚያ ሴት የልጅ ልጃቸው ማንነቱ ያልታወቀ ቱሪስት ያኘከውን ቱቦ ነክሶ፣ አገር የተፋበትን መስታወት ፊቱ ላይ ለጥፎ፣ በዚያ ላይ ከፍሎ ቢያዩ ወንዝ የሚበቃኝ አይመስለኝም። ቀይ ባሕር በሙሉ ቢሆን ነው። እሱም ለነገሩ እዚያው ነበር።

የሚገርመው ያ የአትንኩኝ ሕግ ከኛ ጠፍቶ ዓሣው ሰፈር መገኘቱ ነው። የኤይላት የኮራል ጥብቅ ስፍራ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ቢሆን ነው፤ ሰው ኮራሉን እንዳይረግጥ ከዳር እስከ ጥልቁ ድልድይ ተዘርግቶለታል። ልጁ ደጋግሞ አስጠነቀቀን፤ አትንኩ፣ አትቁሙበት፣ በእግራችሁ ክንፍ አትምቱት። ድንጋይ የሚመስለው ሁሉ ሕይወት ነው፤ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ካደገ ጎበዝ የሚባልም አለ። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ተደናግጦ ቢቆምበት የአባቱን ዕድሜ ያህል ሊሰብር ይችላል። ኮራሉን የነካ ይቀጣል። ለኮራል የተደነገገው አትንኩኝ ለኔ ቱቦ ቢደነገግ ምን ነበረበት?

ስለ ሰሌዳው ብዙ የምለው የለኝም። ሳፕ ይሉታል እዚህ። በአየር የተነፋ ነው፤ አንድ እግርህን በገመድ ያስሩልሃል፣ መጀመሪያ ትንበረከካለህ፣ ቀጥሎ ትቆማለህ፣ ዓይንህን ከእግርህ ላይ አንስተህ ሩቅ ታያለህ። መቅዘፊያው ፊትና ኋላ አለው፤ ጀማሪ በሙሉ ገልብጦ ነው የሚይዘው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ የኤይላት ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወርዶ ወደ ባሕሩ ነው የሚነፍሰው። ዝም ብለህ ከቆምክ ይወስድሃል። በግራህ የዮርዳኖስ አቃባ፣ በቀኝህ የግብጽ ታባ፣ ከፊት ለፊት ራቅ ብሎ የሳዑዲ ተራራ ነው። ልጁ «ወደ ዳር ቅዘፉ፣ ድንበር እንዳትሻገሩ!» እያለ ሲጮህ ሌላው ሁሉ ደነገጠ። እኛ ግን በእግር ድንበር በመሻገር እንኳን ጀማሪ፣ አሠልጣኝ ነን።

እውነተኛው ነገር የመጣው ከሰሌዳው ወርደን ድልድዩ ጫፍ ላይ ተራ ስንጠብቅ ነው። ልጁ መነጽሬን እያጠበቀ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ አልሁት። ፊቱ በራ። «ፊልሙን አይቼዋለሁ! እዚሁ ቀይ ባሕር ላይ፣ በዳይቪንግ መንደር እንዴት እንዳዳንናችሁ! እናንተማ ባሕሩን ታውቁታላችሁ!» አለኝ።

ታሪኩ እውነት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ የፈረንጆቹን ነው የምለው፣ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ የሚባል፣ ጣሊያኖች ሠርተው የተዉት የመዝናኛ መንደር በሐሰተኛ ኩባንያ ስም ተከራየ። ቀን ቀን የአውሮፓ ጎብኚ መነጽሩን አጥልቆ ዓሣ ያያል። ሌሊት ሌሊት የመጥለቅ አስተማሪ ነን ባዮቹ ከስደተኛ ካምፕ ያወጡትን ወገናችንን በጭነት መኪና ባሕር ዳር አድርሰው በላስቲክ ጀልባ ወደ መርከብ ያሻግራሉ። የመጥለቂያ ዕቃ መጋዘኑ ለእንግዳ ዝግ ነበር፤ ውስጡ ሬዲዮ ተደብቋላ። ይህ ሁሉ ሆኗል። ፊልሙም በ2019 ወጣ።

ግን «አዳንናችሁ» የሚላት ነገር አናቴ ላይ ወጣች። ልጁ ያን ጊዜ አልተወለደም፤ አባቱም ቢሆን ለዘመቻ የሚደርስ አይመስለኝም። ማን ማንን? በፊልሙ ውስጥ የኛ ሰው ጭነት ነው፤ ይጫናል፣ ይወርዳል፣ በትልልቅ ዓይኑ ያያል። እነዚያ ሰዎች ባሕሩ ዳር የደረሱት ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ተነስተው፣ ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ቀን እየተደበቁ፣ ሽፍታና ጥም አልፈው ነው። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ያለቀው ሰው ወደ 4,000 ይገመታል። ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ እንደዚህ የታወቀ ፊልም ግን የላቸውም። መንገዱን የከፈተው ፈረደ አክሉም አስተማሪ ነበር፤ ተዋናይም ሰላይም ሆኖ አልተወለደም። በፊልሙ ያለው ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ ከሱ ነው የተቀዳ ይባላል፤ ስሙ ግን የሱ አይደለም። ልጁ ያን ሁሉ ቀብሮ «እናንተማ ባሕሩን ታውቁታላችሁ» ይለኛል። እኔ የመጣሁት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው፤ በአየር። በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ሲጓጓዝ፣ በአንዱ ጃምቦ ብቻ ከ1,000 በላይ ተጠቅጥቀን ስንመጣ። ባሕሩን በመስኮት እንኳ አላየሁትም፤ መስኮቱን የሰው ጉልበት ጋርዶት ነበር።

ይህን ሁሉ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ በተቃጠለ ዕብራይስጥ ነገርሁት። ችግሩ ቱቦውን ቀድሞ አፌ ውስጥ ከትቶልኝ ነበር። የወጣው «ሁ ሁ ሁሁሁ!» ብቻ ነው። ልጁ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። «በጣም ጥሩ! በአፍ ተንፍስ፣ እንደሱ!»

እትዬ ድልድዩ ላይ እግራቸውን ወደ ውሃው ሰደው ተቀምጠዋል። እሳቸው ያን ባሕር በሌሊት በላስቲክ ጀልባ ከተሻገሩት ናቸው። ስለ ጉዳዩ ብዙ አያወሩም።

«ምን ይላል ልጁ?» አሉኝ። ቱቦውን አውጥቼ ነገርኋቸው። መነጽሩንም፣ ምራቁንም፣ ፊልሙንም አንድ ላይ።

ቆሎ ዘገኑና አሰቡ። «ያን ሌሊት እኛ ስናስመልስ ነው ያደርን» አሉ። «ትፉ ያለን ግን የለም። በራሳችን ነው።»

ልጁ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ ተረጐምሁለት። ቀይ ሆነ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ እትዬን እጃቸውን ይዞ፣ በጣም በቀስታ፣ ሰሌዳ ላይ አስቀመጣቸው፤ እሱ ከኋላ እየዋኘ ገፋቸው። ቆሎ ሰጡት። በእንዲህ ያለ ልጅ እስከ ማታ መናደድ ከባድ ነው፤ ቢሆንም የቻልሁትን ያህል ሞከርሁ።

ውሃው ውስጥ ያየሁትን መካድ አልችልም። ጢም ያለው ሰው መነጽሩ ከከንፈሩ በላይ ውሃ ያስገባበታል፤ በሊትር ወደ 40 ግራም ጨው ያለው ውሃ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም። ግን ቀለሙ! አንድ አረንጓዴ የበቀቀን ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ሲግጥ ድምፁ ይሰማል፤ ቀርጭ ቀርጭ ይላል፤ የጋጠውን አድቅቆ በኋላው አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። በአንዳንድ ሞቃት ባሕር ዳር ሰው ፎጣ የሚያነጥፍበት ነጭ አሸዋ ብዙው የዚህ ዓሣ ዕዳሪ ነው። ልጁ ሌላም ነገረን፤ ከበቀቀን ዓሦች አንዳንዱ ሲመሽ ከራሱ የሚወጣ ልጋግ ተጠቅልሎ ነው የሚተኛ፤ እንደ አጎበር፤ ተባይ እንዳይነክሰው። ብርቱካንማዋ ዓሣ በዚያ በሚናደፈው አበባ መሳይ ነገር መካከል የምትኖረው ገላዋ በልጋግ ስለተሸፈነ ነው። ኮራሉም ራሱ አሸዋ ሲወድቅበት የሚያጸዳው በልጋግ ነው። ባሕሩ እንዳለ ተፍቶ የተቀመጠ ነው ማለት ነው።

ይህን በማወቄ መነጽሩ ይበልጥ ንጹሕ ሆነልኝ ማለት አይደለም። የዓሣ ልጋግ የዓሣ ነው። ለሚመጣው ዓመት የራሴን ገዝቼ እመጣለሁ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኋት። ሳቀች። እኛ ቤት የራስ የሚባል ዕቃ ኖሮ ያውቃል? አንተ ገዛህ ማለት እኮ የወንድምህ ልጆች፣ የነሱ ጓደኞች፣ የፎቁ ጎረቤት ሁሉ ኤይላት በወረደ ቁጥር ይዋሰዋል አለች። እሱስ ልክ ናት፤ ግን የዘመድ ምራቅና የባዕድ ምራቅ አንድ ነው? ይህን ስንከራከር ነው አውቶቡሱ ዲሞና ያለፈው። ለማንኛውም ከመሥሪያ ቤት ለበዓል በሚሰጡን የስጦታ ካርድ ልገዛው ነበር፤ እሷ ግን በካርዱ ምጣድ ነው የሚገዛው ትላለች። በርግጥ ምጣዳችን ከሞተ ቆይቷል። በአንድ ወገኑ ብቻ ነው የሚግለው፤ የእንጀራው ግማሽ ዓይን በዓይን ይሆናል፣ ግማሹ ዕውር። እትዬ ጥፋቱ የምጣዱ ሳይሆን የአሰሳሱ ነው ይላሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ የጤፉ ነው ትላለች፤ ጤፉን የሚያመጣልን ሰውዬ ደግሞ...