ጠብ ያለበት ሌላ፣ የገባበት ሌላ

ሲያትል፣ ዝናቡ በማያባራበት ሰሞን

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ታደሰ፣ ለእትዬ አስካለና ለቤቱ ሰው ሁሉ። «መኪና ውስጥ የሚተኛው ልጃችን ጣሪያው ካፈሰሰበት ሲሊኮን ለቅልቆ አርፎ ይተኛ» የሚለው ምክርዎ ደርሶኛል። እጅ ነስቼ እቃወማለሁ። ደግሞም መኪና አይባልም፣ ካምፐር ነው፤ ምድጃ አለው፣ አልጋ አለው፣ ሽንት ቤቱም ከውስጥ ነው። የእናንተው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በሐምሌ ሌሊት ጃንጥላ ይዘው የሚወጡት እትዬ አስካለ ይመስክሩ። ክርክሬ ግን ስለ ጣሪያው ነው፦ ውሃ ጠብ ያለበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ ስላልሆኑ፣ ሳይመረምሩ የለቀለቁት ጣሪያ በሽታውን እንደያዘ ይቀራል።

አሠራሩን ላስረዳዎ። በካምፐሩ ጣሪያ ላይ በየጎኑ 36 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፤ 40 ኪሎ ግድም የሚመዝነው ኤሲ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው። ከላይ በሚስማርም ሆነ በማጣበቂያ አልተያዘም። በኤሲውና በጣሪያው መሐል ወፍራም የስፖንጅ ጓርኒሲዮን አለ፤ ከቤት ውስጥ፣ ከኮርኒሱ ሽፋን ጀርባ የተደበቁ ረጃጅም ብሎኖች ኤሲውን ወደ ታች እየሳቡ ስፖንጁን ይጫኑታል። ዝናቡን የሚከለክለው ይኸው ጫና ነው። ካምፐሩ በመንገድ ሲንገጫገጭ ብሎኑ ይላላል፤ ስፖንጁም ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ልክ እንደ ቆርቆሮ ሚስማር ጎማ ነው፤ ከላላ ያፈሳል፣ አብዝተው ከመቱትም ይቀደድና ያፈሳል።

አሁን ምክርዎን ቃል በቃል የሚፈጽም አንድ ታዛዥ ሰው እናስብ። እኔን አይደለም፤ እኔ እንደማልታዘዝ ያውቃሉ። ሰውዬው ሌሊት ግንባሩ ላይ ጠብ ይልበታል። ትራሱን ወደ ግርጌ ያዞራል፤ ጠብታው ቆይቶ እግሩን ያገኘዋል። ድስት ይደቅናል፤ ድስቱ እስኪነጋ ሲንቃጨል ያድራል። ሲነጋ ሲሊኮኑን ታጥቆ ጣሪያ ይወጣና የኤሲውን ዙሪያ ይለቀልቃል፤ ወርዶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ አገር ቤት ደውሎ ያሳያል፤ እርስዎም «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ይሉታል። በማግሥቱ በመብራቱ በኩል ጠብ ይላል። መብራቱን ይለቀልቃል። በቁም ሳጥኑ በኩል ይመጣል። አንቴናውን፣ የአየር መውጫውን፣ ዓይኑ ያረፈበትን ብሎን ሁሉ ይለቀልቃል፤ ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቤት ያስገባሉ። በመጨረሻ ዝናቡ አቁሞ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሙቀቱ ሲጠና ኤሲውን ይከፍታል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም፤ ግንባሩ ላይ ግን ጠብ! ቀና ብሎ ያያል፤ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ጎረቤቱ ተኝቷል። ጠበል ፈልቆልኝ ይሆን ብሎ ጣቱን ነክሮ እስከ ማማተብ ይደርሳል። ምሥጢሩ ግን ሌላ ነው። ኤሲ ሲሠራ ቀዝቃዛው ቱቦ በአየሩ እርጥበት ያልበዋል፤ ያ ውሃ ከሥሩ ባለው ትሪ ተጠራቅሞ በትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያውም ወደ መሬት መውረድ አለበት። ታዛዡ ሰው መውጫውን ስለደፈነበት፣ ለውሃው የቀረለት በር ወደ አልጋው የሚወስደው ብቻ ሆነ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት?» ሳይሆን «መቼ?» ነው። በደረቅ ቀን ኤሲው እየሠራ ካንጠባጠበ፣ ወይ የትሪው ቀዳዳዎች በቆሻሻ ተደፍነዋል፣ ወይ ካምፐሩ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ኤሲው ጠፍቶ በዝናብ ካንጠባጠበ፣ ጓርኒሲዮኑን አለዚያም ከእሱ ራቅ ያለ ስንጥቅን መጠርጠር ነው። ከፊት ባለ መብራት ሥር የገባ ውሃ በጣሪያው እንጨትና በሽቦ ላይ እየተራመደ መጥቶ በሰፊው ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ወንጀሉ ኤሲው ላይ የሚላከከው ቀዳዳው የእሱ ስለሆነ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የኤሌክትሪኩ መስመር ይነቀላል፣ የውስጡ ሽፋን ይፈታል፤ አንዱ ከላይ ሆኖ በጎማ ቀስ እያለ፣ ከዝቅተኛው ጎን ጀምሮ ወደ ላይ ውሃ ይለቃል፤ ሌላው ከታች ባትሪ ይዞ ያያል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፦ ከላይ «አሁንስ?» የሚል፣ ከታች «ገና!» የሚል። በዚህ አገር ኤሲ ከመግዛት ይልቅ «ገና!» የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ግን አይዘኑ፤ ከታች የሚቆሙት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ መሰላሉን በየትኛው እጄ እንደያዝኩ እየገሠጹኝ ጣሪያው በራሱ ጊዜ ይደርቅ ነበር።

«ታዲያ ብሎኑን እስኪበቃው አጥብቀው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መጥበቅስ ይጠብቃል፤ ግን በየተራ፣ በሰያፍ፣ ስፖንጁ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪቀር ድረስ ነው። ከዚያ ካለፈ ስፖንጁ ይሞታል፣ የውስጡም ክፈፍ ሊጣመም ይችላል። ስፖንጁ ከደረቀ ደግሞ ኤሲውን አንስቶ ስፖንጁን በአዲስ መለወጥ እንጂ ማጥበቅ አያድነውም። «ሸራ አልብሰው» ይሉ ይሆናል፤ ለአንድ ማዕበል ሌሊት ይሁን፤ ከሰነበተ ግን ነፋሱ ሸራውን እያፋተገ በጎማ የተሸፈነውን ጣሪያ ይልጠዋል። «ለምን እንደ ሰው ቤት ተዳፋት አላደረጉትም?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህ ቤት በድልድይ ሥር ያልፋል፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከመሬት እስከ አናቱ ከ4.1 ሜትር ገደማ መብለጥ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ጣሪያው ይዘረጋል፣ የኤሲው ክብደት ሲያጎደጉደውም ዙሪያው ኩሬ ይሆናል። ማሸጊያስ ጨርሶ አያስፈልግም? ለመብራቱና ለአየር መውጫው ጠርዝ ያስፈልጋል፤ ግን ለዚያ ጣሪያ ተብሎ የተሠራው ነው። ተራ ሲሊኮን ጎማ ላይ በደንብ አይዝም፤ በኋላ በላዩ ሌላ ነገር እንዳይጣበቅም ያደርጋል።

እንግዲህ ክርክሬ ካምፐር ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ እዚያ ሳሎን ኮርኒስ ላይ ያለውን፣ በእትዬ አስካለ ድመት የምታሳብቡበትን ቡናማ ክብ ይመልከቱልኝ። ባልዲውን ትታችሁ ከክቡ በላይ፣ ወደ ጣሪያው አናት በኩል ፈልጉ። ሚስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ጀርባ ላይ ነው ወይስ ውሃው በሚወርድበት ጎድጓዳ? ጎድጓዳው ላይ ከሆነ ድመቷ ይቅርታ ይገባታል። መልሱን በፎቶ ላኩልኝ፤ በድምፅ ከሆነ እርስዎ ሁልጊዜ ልክ ይመስላሉ።

አክባሪዎ፣ የማይታዘዘው ልጅዎ ብሩክ