ፀሐይ በሁለት ተራሮች መካከል፦ የምዕራብ ሸዋ ተማሪዎች ሥዕል ሲመረመር

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በግንጪ የወላጆች ቀን ሲደርስ በክፍል ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ለውድድር የሚቀርበው የተማሪ ሥዕል ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይጥራል። የጥናቱ ዘዴ የክብር እንግዳው እስኪመጡ ድረስ ቆሞ ማየት ነው። ጊዜው ከበቂ በላይ ነበር።

ሥዕሉ ቋሚ ይዘት አለው። ሁለት ሹል ተራሮች አሉ፤ በመካከላቸው ፀሐይ ትወጣለች፣ ትስቃለችም። ከተራሮቹ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ዳር ጭስ ማውጫ ያለው ቤት፣ ከቤቱ አጠገብ ቀይ ፖም ያፈራ ዛፍ ይቆማል። ተራሮቹ ወንጪ ናቸው የሚል ማብራሪያ ይሰጣል። ወንጪ ግን ከአምቦ በስተደቡብ ነው፤ ፀሐይ በዚያ በኩል ወጥታ አታውቅም። (ወንጪ በአስተዳደር የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው፤ በሥዕል ግን ይዞታው አልተለወጠም።) ጭስ ማውጫ ያለው ቤት በአካባቢው ብርቅ ነው፤ ጭሱ እንደ ቤተኛ በበሩ ይወጣል። ፖሙ ይበልጥ ያስቸግራል። የዚያው አካባቢ ወረዳ ጀልዱ የታወቀው በድንች ነው። ጠዋት ድንች ሲቆፍር የቆየ ልጅ ከሰዓት ፖም ይስላል፤ ድንች ስሎ የተሸለመ አልተገኘም። ከመሬት እየፈላ የሚወጣውና ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው የአምቦ ውኃም ከግድግዳው ላይ የለም።

የዚህ ሁሉ ምንጭ ምንድን ነው? ሁለት መላምቶች አሉ። አንደኛው ጥቁር ሰሌዳው ነው፤ መምህሩ በጠመኔ ይስላሉ፣ ክፍሉ ይገለብጣል፣ ውድድሩም ሰሌዳውን ይበልጥ የመሰለውን መለየት ይሆናል። ሁለተኛው የታላቅ ወንድም እጅ ነው፤ እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ። ማስረጃው ከሥዕሉ ግርጌ ይገኛል። የተራራው ጥላ የአሥረኛ ክፍል ችሎታ ሲሆን የሠዓሊው ስም የተጻፈው በሁለተኛ ክፍል ፊደል ነው። ወላጆች ይህን አይመረምሩም፤ ስሙን አግኝተው ፎቶ አንስተው ያልፋሉ።

የዳኝነቱ መስፈርት ንጽሕና ነው። ላጲስ ያልነካው ወረቀት፣ በማስመሪያ የተሰመረ የፀሐይ ጨረር ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛሉ። ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር ነው፤ ደብተሩም ሥዕል እንዳይሳልበት ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ ነው።

በ1897 እ.ኤ.አ. የሥነ ጥበብ መምህሩ ፍራንዝ ቺዤክ በቪየና የልጆች የሥዕል ክፍል ከፍቶ አዋቂዎች እጃቸውን እንዲሰበስቡ ጠይቆ ነበር። በእኛ ዘንድ የልጁን እጅ ሰብስቦ የአዋቂውን መዘርጋት የበለጠ ውጤት አስገኝቷል።

በአካባቢው የሌለውን ነገር ለእንግዳ ማቅረብ አዲስ ላለመሆኑ ከአምቦ ታሪክ ማስረጃ አለ። ቦዳ የተወለደው ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቷል። የክብር እንግዳ ከዚህ በላይ አይገኝም። ተውኔቱ ስለምን ነበር? ስለ ንጉሥ ዲዮኒሲዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች። ፖሙ ያን ጊዜም አፍርቶ ነበር ማለት ነው። ልጁ በኋላ ምን እንደጻፈ ግን አገር ያውቃል፤ ስለዚህ በፖም ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም።

አንድ ነገር ይቀራል። በጥናቱ ወቅት ፀሐይ የሌለበት ሥዕል ታይቷል፤ ሰኔ ነው፣ ዝናብ ይጥላል፣ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሦስት ሰዎች ይገፋሉ፣ የአንደኛው ጫማ ከኋላ ቀርቷል። ላጲስ ወረቀቱን በስቶታል። የተለጠፈው ከበሩ ጀርባ ነበር፤ እንግዶች ሲገቡ በሩ ወለል ብሎ ስለሚከፈት ማንም አላየውም። የዘንድሮ ዳኞች፣ እባካችሁ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት በሩን አንድ ጊዜ ዝጉት።